በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የቁማር ጭብጥ ምንድን ነው?

አንድ ድርሰት የቁማር ጭብጥ አለው ለመባል ገጸ ባሕርያቱ ካርታ መጫወታቸው አይበቃም፤ በብዙ ልብ ወለዶች ካርታ የምሽት ማሳለፊያ ሆኖ ብቅ ይልና ምንም ሳያስከትል ይረሳል። ቁማር ጭብጥ የሚሆነው ሰውየው ካስያዘበት ቅጽበት ጀምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ማንነቱ ሲጋለጥና የታሪኩ አካሄድ በዚያች ጊዜ ላይ ሲንጠለጠል ነው።

ጭብጡ ጥንታዊ ነው። በጥንታዊው የሕንድ የመዝሙር ስብስብ በሪግቬዳ 10ኛ መጽሐፍ 34ኛ መዝሙር አንድ ቁማርተኛ ስለ ዳይስ (ስለሚወረወሩት የቁማር ጠጠሮች) ብሎ ታማኝ ሚስቱን እንዳባረረ ያማርራል፤ ዳይሶቹ እጅ ሳይኖራቸው ባለ እጁን እንደሚገዙ፣ ቀዝቃዛ ሆነው ሳለ ልብ እንደሚያቃጥሉም ይናገራል። በሕንዶች ታላቅ የጀግንነት ግጥም በማሃባራታ ደግሞ ንጉሥ ዩዲሽቲራ ሀብቱን፣ መንግሥቱን፣ ወንድሞቹን፣ ቀጥሎም ራሱን አስይዞ ከተበላ በኋላ ሚስቱን ድራውፓዲን ያስይዛል። እርሷም ሊወስዳት ለመጣው መልእክተኛ፣ ባሏ አስቀድሞ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እርሷን ስትል ትጠይቃለች፤ ራሱን ያጣ ሰው ሌላውን ለማስያዝ ምን ሥልጣን አለው? በጉባኤው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ቁርጥ ያለ መልስ አጡ። ቁማርን ወደ ሕግና ወደ ባለቤትነት ጥያቄ ያሻገረ ከዚህ የበረታ ትዕይንት ማግኘት፣ በእኔ ግምት፣ ይከብዳል።

በሕይወት ካርታው ማንንም አያውቅም። በድርሰት ግን የሚያድለው ደራሲው ስለሆነ ዕድል የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህም ሰውየው ለምን እንዲበላ እንደተደረገ መመርመር ተገቢ ነው። በቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ወጣቱ ኒኮላይ ሮስቶቭ በዶሎኮቭ 43 ሺህ ሩብል ይበላል። ዶሎኮቭ ጨዋታውን እዚያ ለማቆም የወሰነው 43 የራሱና የሶንያ ዕድሜ ድምር በመሆኑ ሲሆን፣ ሶንያ ደግሞ ሮስቶቭን ስለምትወድ የዶሎኮቭን የጋብቻ ጥያቄ ያልተቀበለች ልጃገረድ ናት። የዕዳው ልክ የቂሙ ልክ ነው ማለት ነው፤ ሮስቶቭ ግን ዓይኑን ከዶሎኮቭ ሸሚዝ እጅጌ ሥር ከሚወጡት ጸጉራም እጆች ላይ መንቀል አቅቶታል።

ዶስቶዬቭስኪ፣ እርሱም የሩሌት (በሚሽከረከር ጎማ የሚጫወቱት ቁማር) ሱሰኛ የነበረው፣ «ቁማርተኛው»ን በ1866 እ.ኤ.አ. ውል አስገድዶት ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ በቃል አስጽፎ ጨርሷል። መጽሐፉ አስቂኝም ነው፤ ዘመዶቻቸው ሞታቸውን ሲጠባበቁ የነበሩት ባለጠጋ አሮጊት ድንገት ደርሰው ከሚጠበቀው ውርስ ብዙ ገንዘብ ራሳቸው ሩሌት ላይ ያጠፋሉ።

በ1834 እ.ኤ.አ. በታተመው የፑሽኪን አጭር ልብ ወለድ «የስፔድ ንግሥት» ውስጥ ያለው ኸርማን ደግሞ ዕድልን ጨርሶ ማስወገድ የሚፈልግ ሰው ነው። ቆጣቢ በመሆኑ ሌሎች ሲጫወቱ እስከ ንጋት ከማየት በቀር ካርታ አይነካም ነበር፤ የማይሸነፉ ሦስት ካርታዎች ምስጢር አለ ሲባል ግን ልቡ ይሸፍታል። ሦስትና ሰባት ያሸንፉለታል፤ በሦስተኛው ምሽት አስ መዝዣለሁ ሲል በእጁ የተገኘችው ንግሥቲቱ ናት። ምስጢሩን የነገረችው የሟች አሮጊት መንፈስ በቀል ይሁን የገዛ እጁ ስሕተት ፑሽኪን አይነግረንም፤ ኸርማን በእብዶች ሆስፒታል 17 ቁጥር ክፍል ተቀምጦ «ሦስት፣ ሰባት፣ አስ» እያለ ያጉተመትማል።