ሀርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ዋጋንና አስተማማኝነትን ማመዛዘን

የኮምፒዩተር ማከማቻ የምንለው ፋይል የሚቀመጥበትን ዕቃ ነው። ሀርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ (በሚሽከረከር ሳህን ፋንታ ቺፕ ላይ የሚጽፍ)፣ ኤክስተርናል (ከውጭ በገመድ የሚሰካ)፣ ፍላሽ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፈላጊው ብዙ ነው፦ ሠርግ የሚቀርጹ ቪዲዮ ቤቶች፣ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቆች፣ በሁለቱም ከተማ ግቢ ያሉ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ሒሳብ የያዙ ሰዎች። ሱቅ ሲገባ የሚጠየቀው ግን ያው ነው፤ «የማይበላሸው የቱ ነው? ዋጋውስ?»

የማይበላሽ የለም። ይሄን ከመጀመሪያው መቀበል ብዙ ገንዘብ ያድናል። ባክብሌዝ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሀርድ ዲስኮች ያሠራል፣ የተበላሹትንም እየቆጠረ ያወጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተበላሹት 1.57 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፣ እነዚያ ዲስኮች መብራት በማይቆራረጥበትና ሙቀቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ የሚሠሩ ናቸው። ቦርሳ ውስጥ የሚንገላታ ኤክስተርናል ከዚያ የተሻለ ዕድሜ አይጠበቅበትም።

ስለዚህ አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ዲስክ ገዝቶ ያንኑ ፋይል ሁለቱም ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዲስክ በዓመት ከመቶ ሁለት የመበላሸት ዕድል ቢኖረው፣ ሁለቱም በዚያው ዓመት የመበላሸታቸው ዕድል ከ10,000 አራት ብቻ ነው። ይሄ የሚሠራው ግን ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ምክንያት አብረው የማይሞቱ ከሆነ ነው። አንድ ሶኬት ላይ ተሰክተው ከዋሉ፣ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተቀመጡ ወይም ሌባ አንድ መሳቢያ ከፍቶ ሁለቱንም ካገኛቸው ሒሳቡ ይፈርሳል።

ሀርድ ዲስክ የቆየ ቴክኖሎጂ ነው፤ አይቢኤም የመጀመሪያውን ያወጣው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ከሳህኑ በላይ ደግሞ የሚያነብና የሚጽፍ ጫፍ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። የሚያንሳፍፈው አየር ነው። እዚህ ላይ የደሴ ሰው ጆሮውን ማቆም አለበት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጫፉም ወደ ሳህኑ ይጠጋል፤ ለዚህ ነው አምራቾች ለብዙ ሀርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታን በ3,048 ሜትር የሚገድቡት። ደሴ ቶሳ ሥር ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850። ሁለቱም ከገደቡ በታች ናቸው፣ የሚያሰጋ ነገር የለም። ሂሊየም ታሽጎባቸው የሚመጡት ትልልቅ ዲስኮችማ የውጭውን አየር ጭራሽ አይፈልጉትም።

የሀርድ ዲስክ ትልቁ ጠላት ሲሠራ መነቅነቅ ነው። ከኮምቦልቻ በሀረጎ በኩል ወደ ደሴ የምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ ፋይል የሚገለብጥ ሰው ያንን ጫፍ በሳህኑ ላይ እያስጨፈረው ነው። ጠፍቶ ከተጓዘ ግን ብዙ ይችላል። ጥንካሬው ደግሞ ዋጋው ላይ ነው፤ በቴራባይት (1,000 ጊጋባይት) ሲሰላ ከኤስኤስዲ በግልጽ ይረክሳል፣ ለትልቅ ክምችትም እስካሁን የሚተካው የለም። በኪስ ለሚያዝ ኤክስተርናል አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ብዙዎቹ ኤስኤምአር በሚባለው አሠራር የተሠሩ ናቸው፣ ማለትም የጽሑፍ መስመሮቹ ይደራረባሉ። ለማስቀመጥ ጥሩ ናቸው። ኤዲት እየተደረገባቸው ሲጻፍ ሲሰረዝ ግን ክፉኛ ይንቀራፈፋሉ።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ሳታ በሚባለው የተለመደ ማገናኛ የሚሰካው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፣ ሀርድ ዲስክ ግን ከ100 እስከ 200 ድረስ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሀርድ ዲስኩን አውጥቶ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ማስገባት ሰው በትንሽ ብር ሊያገኘው የሚችለው ትልቁ ለውጥ ይመስለኛል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው የኤስኤስዲ ዓይነት ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ለወርድና ለኤክሴል ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፣ ለዚያ ብቻ ብሎ ብዙ ብር መጨመር አያስፈልግም።

«ኤስኤስዲ ሲጻፍበት ያልቃል» የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ይጋነናል። ሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 1 ቴራባይቱ ዋስትናው 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ነው። ርካሹ ወንድሙ 870 ኪውቪኦ ደግሞ 360 ቴራባይት ወይም 3 ዓመት። በቀን 50 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው፣ ይሄ ለቢሮ በጣም ብዙ ነው፣ 360ውን ለመጨረስ ወደ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ለቢሮና ለተማሪ ርካሹም ይበቃል። ልዩነቱ የሚወጣው ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ነው፤ ርካሹ በየሴሉ፣ ማለትም መረጃ በሚያዝባት በእያንዳንዷ ጥቃቅን ክፍል፣ አራት ቢት ስለሚያጭቅ መጀመሪያ የሚጽፍበት ፈጣን ቦታ ሲሞላ ፍጥነቱ ከሀርድ ዲስክ በታች ይወርዳል። ስሙ የማይታወቅ ኤስኤስዲን ግን እኔ አልመክርም። ውስጡ ምን ቺፕ እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ ሲሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው። ኤስኤስዲን ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ መክተትም አይገባም፣ በተለይ ብዙ የተጻፈበትን፤ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ ይፈሳል።

መብራት። ሀርድ ዲስክ በድንገት ሲጠፋበት ጫፉን ራሱ ወደ ማረፊያው ይመልሳል፣ የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ፋይል ነው። ተራ ኤስኤስዲ ግን የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግብበትን ሠንጠረዥ እያደሰ ከነበረ ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅም አለ። ላፕቶፕ ባትሪው ይሸፍነዋል። ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሱቅ ዲስኩ ላይ ሊጨምር ያሰበውን ብር ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ቢያውለው የተሻለ አስተማማኝነት ይገዛል።

ቪዲዮ ቤቶችን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የሚጠፋባቸው ነገር ተመልሶ አይቀረጽም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይይዛል። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ከሠራ 540 ጊጋባይት ነው፤ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ሁለት እንዲህ ያለ ሠርግ አይችልም። ጥር ላይ በየሳምንቱ ሠርግ ለሚይዝ ሰው ሁሉንም ኤስኤስዲ ላይ ማስቀመጥ አቅምን ይፈታተናል። የሚያዋጣው መንገድ ይሄ ነው፦ ኤዲት የሚደረገው አንድ ደህና ኤስኤስዲ ላይ፣ ጥሬው ቀረጻ ሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ፣ የካሜራው ካርድ ደግሞ ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ፎርማት አይደረግም።

ሁለተኛው ቅጂ የት ይቀመጥ? ደሴ ያለ ሰው ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ቢያስቀምጥ ከእሳትና ከሌባ ይተርፋል፣ ርቀቱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አይከብድም። የ2014ቱ ጦርነት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ተያዙ፣ የሁለቱም ሰው ተፈናቀለ፣ ቢሮዎችና ተቋማት ተዘረፉ። ለማይተካ ሰነድ፣ ለካርታ፣ ለትምህርት ማስረጃ፣ ለድርጅት መዝገብ፣ ከወሎ ውጭ አንድ ቅጂ መኖር አለበት። የጎግል ነፃው 15 ጊጋባይት ለዚህ ይበቃል። ጥሬ ቪዲዮ ግን በኢንተርኔት አይሞከርም፤ 540 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ሲጫን ሳይቋረጥ 10 ቀን ይወስዳል።

ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፣ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ይሄ በደንብ ተሰምቷል። ሰው ወደ ያገለገለና ወደ ፎርጅድ የሚገፋውም ለዚህ ነው። ያገለገለ ዲስክ በራሱ ነውር አይደለም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሻጩ ፊት ከፍቶ ማየት ነው፦ ስንት ሰዓት ሠርቷል፣ የተበላሹና በሌላ የተተኩ ሴክተሮች (የዲስኩ ጥቃቅን የመጻፊያ ክፍሎች) አሉት ወይ። የሴክተሮቹ ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነና እየጨመረ ከሄደ ይቅርባችሁ። የሰዓቱን ቁጥር የሚያጠፉ ሻጮች ስላሉ «0 ሰዓት» የሚል የተቧጨረ ዲስክም አይታመንም።

ፎርጅዱ ከዚህ ይብሳል። ላዩ ላይ 2 ቴራባይት የተጻፈበት ርካሽ ፍላሽ ውስጡ 32 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም 2 ቴራ ብሎ ያነበዋል፣ ሲሞላ ግን የድሮውን እያጠፋ ይጽፋል። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ፕሮግራም እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ስትገዙ «ቤት ሞክሬው ካልሆነ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ። 1 ቴራው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ግን ሻጩን አትጣሉት፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ወዲያውኑ አጥፉት። ደጋግሞ መሞከር ሳህኑን ይፍቀዋል። «ከፍተን እንየው» የሚል ጠጋኝ ካጋጠመም አትፍቀዱ፣ ሀርድ ዲስክ የሚከፈተው ከአቧራ በጸዳ ልዩ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ዲስክ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። የሱቁ ዋስትናም ዲስኩን ይቀይርላችኋል እንጂ ፋይሉን አይመልስም።