ሳላማንደር ምንድን ነው? የት ነው የሚኖረው?

ሳላማንደርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው «እንሽላሊት ነው» ቢል አይፈረድበትም። አራት እግር አለው፣ ጭራው ረጅም ነው፣ ገላው ቀጭን ነው። ዘመዱ ግን እንቁራሪት ነው። ጠጋ ብላችሁ ቆዳውን እዩት። የእንሽላሊት ቆዳ ደረቅና ቅርፊታም ነው። የሳላማንደር ቆዳ ደግሞ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ አንድም ቅርፊት የሌለበት ነው። እንቁላሉም እንደ እንቁራሪት እንቁላል ዝልግልግ ያለ ነው እንጂ ቅርፊት የለውም። ሳላማንደርም እንቁራሪትም እንቁራሪት አስተኔ ከሚባለው ወገን ናቸው።

እንግዲህ የት እንደሚኖር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት ይህን ቆዳ ይረዳ። ሳላማንደር ውሃ የሚያገኘው በቆዳው ነው። የሚተነፍሰውም በአብዛኛው በቆዳው ነው። ቆዳው ከደረቀ አለቀለት። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ጥላ፣ እርጥበትና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ቀን ከድንጋይና ከበሰበሰ ግንድ ሥር ይውላል። ማታ፣ በተለይ ሲዘንብ፣ ወጣ ብሎ ትላትልና ነፍሳት ይለቅማል።

ጭራሽ ሳንባ የሌላቸውም አሉ። ጥቂት እንዳይመስሏችሁ! በዓለም ላይ ካሉት ከ800 በላይ የሳላማንደር ዝርያዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሳንባ አልባ ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉሮች ነው፣ በብዛት ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱም በምሥራቅ ዩናይትድ ስቴትስ የተዘረጉት የአፓላቺያን ተራሮች ናቸው።

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ወገኖች እንግዲህ ጎረቤታችሁ ናቸው። በዚያ አካባቢ ጫካ ውስጥ የወደቀ ግንድ ቀስ ብላችሁ ብታነሡ፣ ቀይ ጀርባ የሚባለውን ሳላማንደር የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ከጭራው ጋር ተለክቶ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጎኑ ግራጫ ነው፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው ቀላ ያለ መስመር ይወርዳል። እናቲቱ በሞቃቱ ወራት እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ውስጥ ሳይሆን በበሰበሰው ግንድ ውስጥ ነው። ጥቂት እንቁላሎች እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው፣ እሷ ዙሪያቸውን ተጠምጥማ ለሳምንታት ትጠብቃለች። የሚፈለፈሉት ልጆች በውሃ ውስጥ የሚያልፍ የእጭ ዘመን የላቸውም። ገና ሲወጡ ትንንሽ እናታቸውን ናቸው።

እንዲህ ተደብቀው ስለሚኖሩ ጥቂት ይመስላሉ። በኒው ሃምፕሻየር ሃባርድ ብሩክ በሚባለው ደን የተሠራና በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የደኑ ሳላማንደሮች ክብደት ሲደመር፣ በመራቢያ ወቅት እዚያ ካሉት ወፎች ሁሉ ክብደት በለጠ! ወፎቹን ሁላችንም እንሰማለን። ከእነሱ የሚበልጠው ሕይወት ግን እግራችን ሥር ነው። ለእኔ ስለ ሳላማንደር ከሚነገረው ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ቆዳው ቦታ እንዴት እንደሚያስመርጥ በደንብ የሚያሳየው የሸናንዶዋ ሳላማንደር ነው። በዓለም ላይ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በሦስት ተራሮች አናት አካባቢ ብቻ ነው። እዚያም ወደ ሰሜን ያዘነበለና ድንጋይ የተከመረበት ዳገት ላይ ይኖራል። ቆላው ለእሱ ይሞቃል፣ ስለዚህ ወርዶ ወደ ሌላ ተራራ መሻገር አይችልም። አየሩ እየሞቀ ከሄደ ደግሞ ከአናቱ በላይ የሚወጣበት ቦታ የለም። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ኒውትስ? ኒውት ራሱ ሳላማንደር ነው። ከሳላማንደር ቤተሰቦች ውስጥ የአንዱ ቅርንጫፍ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ለመራባት ወደ ኩሬ ይመለሳል። ቆዳውም ሻከር ይላል። በምሥራቅ አሜሪካ ያለው ኒውት ሕይወቱ ይገርማል። ኩሬ ውስጥ ተፈልፍሎ በስንጥብ እየተነፈሰ ያድጋል። ከዚያ ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ጫካ ይወጣና ዓመታት ይቆያል። በመጨረሻ ወደ ውሃ ይመለሳል፣ መልኩም የወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ ይሆናል። ያ ደማቅ ቀለም «መርዝ አለብኝ፣ አትንኩኝ» ማለቱ ነው። በፓሲፊክ ዳርቻ ያለው ቆዳ ሻካራው ኒውት ደግሞ የባሰ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ኦሬገን ውስጥ አንድ ወጣት በፉክክር አንዱን ውጦ ሞቷል።

በተረፈ ሳላማንደር በአብዛኛው የሰሜኑ የዓለም ክፍል እንስሳ ነው። ወደ ደቡብ ርቀው አማዞን ድረስ የገቡት ሳንባ አልባዎቹ ናቸው። በቻይና ወንዞች ውስጥ 1.8 ሜትር የሚደርስ ግዙፍ አለ። በስሎቬንያ ዋሻዎች ጨለማ ውስጥ ዓይኑ የማያይ፣ ገርጣ ያለ አለ። አክሶሎትል ዕድሜውን ሙሉ ስንጥቡን ሳይጥል ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ የተፈጥሮ ቤቱም ሜክሲኮ ሲቲ ጥግ ያሉት የሾቺሚልኮ ቦዮች ናቸው። በቤት ውስጥ በየአገሩ ይረባል፣ በቦዮቹ ውስጥ ግን ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል።

አፍሪካ ውስጥ ያሉት በሰሜን ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ከሰሃራ በታች አንድም የለም፣ ኢትዮጵያም ውስጥ የለም። በምትኩ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች አፈር ውስጥ እግር የለሽ፣ ትል የሚመስል ሌላ እንቁራሪት አስተኔ ይኖራል። ሲሲሊያን ይባላል። ያ ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ደኑ ከተመነጠረ የሚሄድበት የለውም።

እስራኤል ያላችሁ ግን ሳላማንደር አላችሁ። ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ሳላማንደር በገሊላና ከሃይፋ በላይ ባለው በቀርሜሎስ ተራራ ይኖራል። ቀርሜሎስ የዚህ ዝርያ የደቡብ ዳር ነው። በደረቁ በጋ አይታይም። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማታ ይወጣል፣ ሴቷም እጮቿን በዝናብ ኩሬና በምንጭ ውስጥ ትወልዳለች። የነጠብጣቡ አቀማመጥ ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን በፎቶ ይለዩታል።

አሁን ትልቁ ፍርሃት ከደን መመንጠር ሌላ ከእስያ በቤት እንስሳ ንግድ እንደመጣ የሚታመን ፈንገስ ነው። የሚያጠቃው ያንኑ ቆዳ ነው። በኔዘርላንድስ ሳላማንደሮችን ሊጨርሳቸው ሲል በ2013 እ.ኤ.አ. ማንነቱ ታወቀ። አሜሪካም በ2016 እ.ኤ.አ. 201 ዝርያዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለች። ስለዚህ በቤት ያሳደጋችሁትን ሳላማንደር በምንም ምክንያት ወንዝ ወይም ጫካ ውስጥ አትልቀቁ።

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለማየት ጥሩው ጊዜ ጸደይና መኸር ነው፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ። ሎሽን በተቀባ ወይም በደረቀ እጅ አትንኩት፣ ባትነኩት ደግሞ ይመረጣል። ያነሣችሁትን ግንድ በነበረበት መልሱት፣ ከሥሩ እንቁላል ሊኖር ይችላል።