አትክልት የሚያላሽቁ ባክቴሪያዎች እንዴት ይፈተሻሉ?

ጤነኛ የሚመስል ድንች ስታነሱ ጣታችሁ ሰርጎ ይገባል። ቆዳው አልተነካም፤ ውስጡ ግን ነጣ ያለ ሊጥ ሆኗል። ይህ የባክቴሪያ አበስብስ በሽታ ነው። ሻጋታ አይደለም፣ ጸጉርም ሆነ ዱቄት የመሰለ ነገር አያወጣም። ዋነኞቹ ተጠያቂዎች ፔክቶባክቴሪየምና ዲኬያ የሚባሉ የባክቴሪያ ወገኖች ናቸው። የትኛው አትክልት ቶሎ እጅ እንደሚሰጥ ለማወቅ የሚደረገው ሙከራ ቀላል ይመስላል። ቁራጭ አትክልት፣ ጠብታ ባክቴሪያ፣ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ። ይመስላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም።

እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካዊው ኤል. አር. ጆንስ ከበሰበሰ ካሮት ያገኘውን ባክቴሪያ መርምሮ “ካሮት በላ” ማለት የሆነ የላቲን ስም አወጣለት። ከዚያ ለረጅም ዘመን ኤርዊኒያ ካሮቶቮራ ሲባል ኖረ፤ ኤርዊኒያ የሚለው ለእጽዋት ባክቴሪያ ተመራማሪው ለኤርዊን ስሚዝ ክብር የወጣ ስም ነው። ዛሬ ፔክቶባክቴሪየም ካሮቶቮረም ይባላል። ስሙ ካሮት ላይ ይቅር እንጂ ድንቹንም ጎመኑንም አይምርም።

የአትክልት ሕዋሶች እርስ በርስ የተያያዙት በፔክቲን ነው፤ ማርመላታ የሚያረጋው ያው ፔክቲን። ባክቴሪያው ይህን ሙጫ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ያመነጫል። ሙጫው ሲለቅ ሕዋሶቹ ይበታተናሉ፣ ውሃቸውም ይፈሳል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ብልጥ ናቸው። ጥቂት ሳሉ ድምፃቸውን አጥፍተው ይቆያሉ። በኬሚካል ምልክት እየተጠባበቁ ቁጥራቸው ሲበዛ ኢንዛይሙን በአንድ ላይ ይለቁታል። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ቀልጦ የሚገኘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሙከራው የሚጀምረው ከማጠብ ነው። አትክልቱ በቀጠነ በረኪና ወይም በ70 በመቶ አልኮል ከላዩ ይጸዳል፣ ከዚያ ጀርም በሌለበት ቢላ እኩል እኩል ይቆረጣል። ቁራጩ በፔትሪ ዲሽ (ክዳን ባለው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን) ውስጥ እርጥብ ወረቀት ላይ ይቀመጥና መሃሉ በትንሹ ይጎደጎዳል። ጉድጓዱ ውስጥ ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ይንጠባጠባል። ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊሊትር 100 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ይሠራበታል። ክዳኑ ይከደንና ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ይቀመጣል። በማግስቱ የጉድጓዱ ዙሪያ ውሃ የጠጣ ይመስላል፤ በእንጨት ጫፍ ስትነኩት ይንሸራተታል። የላሸቀው ክፍል በቀስታ ታጥቦ ከወጣ በኋላ የቀረው ይመዘናል። የጎደለው ክብደት የጥቃቱ መጠን ነው።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚንጠባጠብበትን ቁራጭ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ድንች በቆዳው ቀዳዳዎች ውስጥ ባክቴሪያውን ይዞ ምንም ሳይመስል ሊከርም ይችላል። ውሃ ብቻ የተደረገበት ቁራጭ ከላሸቀ ችግሩ ከመነሻው አትክልቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ያን ቀን የተሠራው ሁሉ ይጣላል።

አትክልቶችን ማወዳደር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ድንችና ካሮት ለመቁረጥም ለመመዘንም ይመቻሉ። ሰላጣና ጥቅል ጎመን ግን ቅጠል ናቸው፤ ባክቴሪያው ወፍራሙ የቅጠል አጥንት ላይ በመርፌ ይሰጣል፣ የሚለካውም የቁስሉ ርዝመት ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ሳይቆረጡ ይወጋሉ። ቆዳቸው ካልተበሳ ባክቴሪያው ላያቸው ላይ ቁጭ ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ “ቲማቲም ቻለው” ከማለት በፊት ቆዳው ነው ወይስ ሥጋው የቻለው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሽንኩርት የተለየ ጠባይ አለው። አንዱ ሽፋን ቀልጦ ጎረቤቱ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ላይ በርክሆልደሪያ ሴፓሺያ የሚባል የራሱ ጠላት አለው። እሱ የሳንባ ሕመምተኞችንም ስለሚያጠቃ በዋዛ የሚነካ አይደለም።

እርጥበትና ሙቀት ውጤቱን ይገለብጡታል። ድንች ላዩ በውሃ ሲሸፈን አየር ያጣል፤ አየር ካጣ ቁስሉን የሚዘጋ አዲስ ቆዳ መሥራት ያቅተዋል። ባክቴሪያው ግን ያለ አየርም ይኖራል። በፍሪጅ ቅዝቃዜ ደግሞ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ስለዚህ አንዱን አትክልት ሞቃት ቦታ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጦ “ይህኛው በረታ” ማለት ዋጋ የለውም።

አፍንጫም ያሳስታል። ንጹሕ የባክቴሪያ አበስብስ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አይሸትም። አፍንጫ የሚያስይዘው ክርፋት አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ተከትለው የሚገቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ከላሸቀው ክፍል ትንሽ ተወስዶ፣ ፔክቲን ነክ ምግብ ያለበት ሐምራዊ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ይዘራል። ትክክለኛው ባክቴሪያ ከሆነ እዚያ ሲያድግ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ያረፈበትን እየበላ ትንንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። ያ ባክቴሪያ ጤነኛ ቁራጭ ላይ እንደገና ተሰጥቶ እሱንም እንደዚያው ካበሰበሰው፣ ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው።