ሪፈረንስ ካውንት ምንድን ነው? የከርነል ኦብጀክትን ከምን ይጠብቃል፣ ከምንስ አይጠብቅም?

በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ኮድ ውስጥ አንድ ኦብጀክት (በሜሞሪ ላይ የተቀመጠ የውሂብ ስብስብ) ሜሞሪው ከተለቀቀ በኋላ ሲነካ በተገኘ ቁጥር አንድ ምላሽ ተደጋግሞ ይሰጣል፦ «ከመንካትህ በፊት ሪፈረንስ ካውንቱን ጨምር፣ ስትጨርስ ቀንስ፤ ከዚያ በኋላ ችግር የለም።» ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ምክር በሙሉ እርግጠኝነት ሲጽፍ፣ ሌሎችም ተቀብለው ሲያስተጋቡት አየሁ። ምክሩ የሚሠራው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ሥር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ስህተቶች የሚወለዱትም ይህ ቅድመ ሁኔታ ሲዘነጋ ስለሆነ ነገሩን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ሪፈረንስ ካውንት አንድን ኦብጀክት ስንት ተጠቃሚዎች እንደያዙት የሚናገር፣ በራሱ በኦብጀክቱ ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ነው። ዜሮ ሲደርስ የመጨረሻው ለቃቂ ኦብጀክቱን አፍርሶ ሜሞሪውን ይመልሳል። በሊኑክስ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ለዚህ የሚያገለግል «ኬሬፍ» የተባለ የጋራ መሣሪያ አለ፤ እንዴት እንደሚጠራ ከማንኛውም ምሳሌ መማር ስለሚቻል አልዘገይበትም። የምዘገየው ቁጥሩ በኦብጀክቱ ውስጥ በመሆኑ ላይ ነው። ቁጥሩን ለመጨመር ኦብጀክቱን መንካት የግድ ነው፤ ኦብጀክቱን ለመንካት ደግሞ በሕይወት መኖሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ ቅድመ ሁኔታው ይህ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው፣ ይዞታ ያለው ተጠቃሚ ይዞታውን ለሌላው እንዲያካፍል ያስችላል እንጂ፣ ምንም ያልያዘ ተጠቃሚ ከባዶ ተነሥቶ ባለይዞታ እንዲሆን አያስችልም።

ለለቅሶ የተተከለ የእድር ድንኳን እናስብ። የገባ ሁሉ ስሙን በምሰሶው ላይ በተንጠለጠለ መዝገብ ያሰፍራል፣ ሲወጣ ይሰርዛል፤ ስሙን ሲሰርዝ መዝገቡ ባዶ የቀረበት ሰው ድንኳኑን ያነሣል። ውስጥ ያለ ሰው ለሚመጣ ዘመዱ አስቀድሞ ስሙን ቢጽፍለት አደጋ የለውም፤ የራሱ ስም ሳይሰረዝ ድንኳኑ አይነሣምና። አደጋው አድራሻውን ብቻ ይዞ ከሩቅ በሚመጣው ላይ ነው። እሱ «ደርሼ እመዘገባለሁ» ይላል፤ መዝገቡ ግን የተሰቀለው ሊነሣ በሚችለው በዚያው ድንኳን ምሰሶ ላይ ነው። ሲደርስ ሜዳው ባዶ ቢሆን ይሻላል፤ ከርነሉ እዚያው ይወድቅና ስህተቱ ይታወቃል። የከፋው በዚያው ስፍራ የሌላ ቤተሰብ የሠርግ ድንኳን ተተክሎ ሲጠብቀው ነው፤ ምሰሶም ወረቀትም ስላገኘ በሠርገኞቹ ሰነድ ላይ ይጽፋል። የከርነሉ ሜሞሪ አዳይ አንድ የተለቀቀ ቦታን ተመሳሳይ መጠን ለጠየቀው ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ስለሚሰጥ፣ ይህ በየዕለቱ የሚገጥም ነገር ነው፤ አጥቂ የሚፈልገውም በተለቀቀው ቦታ ላይ ራሱ የሚቆጣጠረውን ይዘት ማስቀመጥ ነው።

«እኔ ግን ዝርዝሩን በሎክ እጠብቀዋለሁ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሎኩ ምን እንደሚጠብቅ በቅርብ እንመልከት። አንድ ድራይቨር ክፍት ሴሽኖችን በአንድ ዝርዝር ይይዛል፤ ዝርዝሩንም ሙቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ስሬድ፣ ማለትም አንድ የሥራ ፍሰት፣ ብቻ የሚይዘው ሎክ) ይጠብቀዋል። በፕሮሰሰር 0 ላይ ያለው ስሬድ የመጨረሻውን ይዞታ ሲለቅ ቆጣሪው ከ1 ወደ 0 ይወርዳል፤ የማፍረሻው ፈንክሽንም ኦብጀክቱን ከዝርዝሩ ለማውጣት ሙቴክሱን ይጠይቃል። ሙቴክሱን ግን በዚያች ቅጽበት ዝርዝሩን የሚያስሰው ፕሮሰሰር 1 ይዞታል፤ ኦብጀክቱን ገና ከዝርዝሩ ሳይወጣ ያገኘዋል፣ ቆጣሪውን ከ0 ወደ 1 ያሳድጋል፣ ሙቴክሱን ለቅቆ በፖይንተሩ (በኦብጀክቱ አድራሻ) መሥራት ይጀምራል። ከዚያ ፕሮሰሰር 0 ተራው ይደርሰውና ኦብጀክቱን ከዝርዝሩ አውጥቶ ሜሞሪውን ይለቃል። ማፍረሱ የተወሰነው ቁጥሩ ዜሮን በነካበት ጊዜ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የመጣው 1 ማንንም አያስቆምም። ሁለቱም ስሬዶች ምክሩን ቃል በቃል ፈጽመዋል፤ ዝርዝሩም አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ሎክ አልተነካም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ወደ ዜሮ የሚያወርደው የመጨረሻው ቅነሳ በዚያው ሙቴክስ ሥር እንዲፈጸም ማድረግ ነው፤ «ኬሬፍ ፑት ሙቴክስ» ለዚህ የተሠራ ነው፣ ሙቴክሱን መልቀቅ ግን የማፍረሻው ፈንክሽን ኃላፊነት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሁለተኛው፣ ፈላጊው ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ፈጽሞ እንዳይጨምር የሚከለክለው «ኬሬፍ ጌት አንለስ ዜሮ» ነው። ከላይ ባለው ድራይቨር ይህ ይበቃል፤ ምክንያቱም ሜሞሪው የሚለቀቀው ኦብጀክቱ በሙቴክሱ ሥር ከዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ሙቴክሱን የያዘው ፈላጊ የሚያነበው ዜሮ እውነተኛ ዜሮ ነው።

አስተያየት ሰጪው ግን ይህንንም ፈንክሽን ያለ ምንም ሎክ በሁሉም ቦታ እንድንጠቀም ይመክራል፤ ይህ ከመጀመሪያው ምክር የባሰ ነው። «ዜሮ ካልሆነ» የሚለው ፍተሻ ራሱ የሚያነበው ሊለቀቅ በሚችለው ሜሞሪ ላይ ነው። ከተነሣው ድንኳን ስፍራ ላይ የቆመው የሠርግ ድንኳን የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፣ ያም ቁጥር ዜሮ ላይሆን ይችላል። ሎክ መያዝ ካልተፈለገ ከ2002 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለውን አርሲዩን (አንባቢዎች ያለ ሎክ እንዲያነቡ የሚያስችል ስልት) መጠቀም ይቻላል፤ የእሱ ሕግ፣ አድራሻው ከተሰረዘ በኋላም አስቀድመው መንገድ የጀመሩት ሁሉ ደርሰው እስኪመለሱ ድንኳኑ አይነሣም የሚል ነው። እዚህ ላይ ሳላነሣው የማላልፈው ነገር አለ። ለአርሲዩ አንባቢዎች ዓይነቱን ብቻ በሚጠብቅ ስላብ (ተመሳሳይ ኦብጀክቶች የሚመደቡበት የሜሞሪ ክምችት) ውስጥ የሚኖሩ ኦብጀክቶች በዚያው ዓይነት ባለ ሌላ ኦብጀክት ወዲያው ሊተኩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከተጨመረ በኋላ የተያዘው በእርግጥ የተፈለገው መሆኑን እንደገና ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

«ቆጣሪው ከሚገባው በላይ ቢጨመር አይጎዳም፣ ቢበዛ ሜሞሪ ሳይለቀቅ ይቀራል» የሚለውም አስተሳሰብ ስህተት ነው። በ2016 በይፋ የወጣው ሲቪኢ-2016-0728 የተባለ የደኅንነት ጉድለት ይህን ያሳየ ነው። አንድ ፕሮሰስ አስቀድሞ የያዘውን ያንኑ የቁልፍ መያዣ እንደ አዲስ ሲጠይቅ ኮዱ አንድ ቅነሳ ይዘል ነበር። ቆጣሪው 32 ቢት ስለነበር፣ ጥሪውን ያለማቋረጥ የደጋገመ ተራ ተጠቃሚ ቁጥሩን አዙሮ ዜሮ ማድረስ ቻለ፤ ኦብጀክቱም በእጅ እንደተያዘ ተለቀቀ። ይህ ጉድለት ከከርነል 3.8 ጀምሮ በውስጡ ነበር። በ2017 በከርነል 4.11 የገባው «ሪፍካውንት» ጣሪያ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ አይዞርም፣ ከዜሮ ሲጨመርም ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ያም ሆኖ በግል የተሠሩ ቆጣሪዎች አሁንም ይገኛሉ፤ ቁጥሩን ቀንሶ በሌላ መስመር «ዜሮ ነው ወይ?» ብሎ የሚያነብ ኮድ ሁለት ስሬዶች ዜሮውን አብረው አይተው ሜሞሪውን ሁለት ጊዜ እንዲለቁ ያደርጋል።

ቆጣሪው ጨርሶ የማያያቸው ባለይዞታዎችም አሉ፤ ዋነኛው ታይመር (በተቀጠረ ጊዜ አንድ ፈንክሽን የሚያስነሣ መሣሪያ) ነው። «ዴል ታይመር» (በአዲሶቹ ከርነሎች «ታይመር ዲሊት» ተብሏል) የተመዘገበውን ቀጠሮ ይሰርዛል እንጂ በሌላ ፕሮሰሰር ላይ እየሠራ ያለውን ፈንክሽን አይጠብቅም። መጠበቂያው «ዴል ታይመር ሲንክ» (አሁን «ታይመር ዲሊት ሲንክ») ነው፤ ፈንክሽኑ የሚፈልገውን ሎክ ይዞ የሚጠራው ግን ሁለቱንም ለዘለዓለም ያቆማቸዋል። በተጨማሪም ታይመሩ በወረፋ የሚፈጸም ሥራን፣ ሥራው ደግሞ ታይመሩን መልሶ የሚያስነሣ ከሆነ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሰረዙ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል። ዳግም መነሣትን ጭምር የሚከለክለው «ታይመር ሻትዳውን ሲንክ» በከርነል 6.2 የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስህተቱን በሚያፈላልጉበት ጊዜ ከ2015 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለው ካሳን (የሜሞሪ ስህተት መርማሪ) ሦስት የጥሪ ሰንሰለቶችን ያቀርባል፦ ኦብጀክቱን ማን እንደነካው፣ ማን እንዳስመደበው፣ ማን እንደለቀቀው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ አንብበው በዚያ ስፍራ ላይ የፖይንተር ፍተሻ ይጨምራሉ፤ ፖይንተሩ ግን ባዶ አይደለም፣ ፍተሻውም ያልፋል። መፈለግ ያለበት በዘገባው ውስጥ የሌለው አራተኛው ሰው ነው፤ ይኸውም ፖይንተሩን ያለ ይዞታ አሳልፎ የሰጠው። እሱን ለማግኘት የመልቀቂያውን ሰንሰለት ይዤ፣ ከዚያች ቅጽበት በፊት ኦብጀክቱ የሚገኝባቸውን ዝርዝሮች፣ ታይመሮችና የሥራ ወረፋዎች በሙሉ እጽፋለሁ፤ ለእያንዳንዱም «ይህ መንገድ የተዘጋው የት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልእክት የሚያትም የኮድ መስመር መጨመር ጊዜውን ስለሚያዛባ ስህተቱን ብዙ ጊዜ ይደብቀዋል። በምትኩ ቁጥሩ ዜሮ በሚሆንበትና ሙቴክሱ በሚያዝበት መካከል ሆን ተብሎ መዘግየት ቢገባ፣ ግምቱ ትክክል ከሆነ በሳምንት አንዴ ይታይ የነበረው ውድቀት በየሙከራው ይታያል፤ ማስተካከያውም የሚፈተነው ያ መዘግየት በቦታው እንዳለ ነው።