«ወባ የለመደ ልጅ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«የቆላ ልጅ ወባ ለምዷል፤ በአጎበር እየሸፈናችሁ አታልፈስፍሱት» የሚለውን አባባል ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ የተመላለሰ ሰው ሳይሰማው የቀረ አይመስለኝም። አረጋውያን ሲሉት ቅር አይለኝም፤ በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት። ቅር ያሰኘኝ፣ አንድ የተማረ አስተያየት ሰጪ ያንኑ አባባል «ኢሚውኒቲ» የሚል ካባ ደርቦለት፣ ሕፃናት በወባ በተደጋጋሚ መያዛቸው ነጭ የደም ሴሎቻቸውን «ያሠለጥናል» እያለ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ መስማቴ ነው። ነገሩ ከናካቴው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ለማረም ይቀል ነበር፤ የሚያስቸግረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከዳነ በኋላ ዳግመኛ በኩፍኝ አይያዝም ማለት ይቻላል። ከወባ እንዲህ ያለ መከላከያ አይገኝም። ወባ በሚበዛበት አገር ያደገ ልጅ መጀመሪያ ከከባዱ ሕመምና ከሞት እየራቀ ይሄዳል፤ ቆይቶ ተውሳኩ በደሙ እያለም በትኩሳት መውደቁ ይቀንሳል፤ የተውሳኩን ቁጥር ዝቅ አድርጎ መያዝ የሚችለው ደግሞ እጅግ ዘግይቶ ነው። ተውሳኩን ጨርሶ ከደም ማጽዳት ግን በአዋቂዎችም ዘንድ እምብዛም አይታይም። «ለምዷል» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ስለሚከት፣ ተናጋሪው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ነገሩን በማሽላ ጠባቂ ላስረዳ። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማማ ላይ የወጣ አዲስ ጠባቂ ግሪሳ ባየ ቁጥር ወንጭፉን ያስወነጭፋል፤ ድንጋዩም ከወፉ ይልቅ የማሽላውን ራስ እየመታ ያረግፈዋል። በሁለትና በሦስት ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተውሳኩ ቀይ የደም ሴሎችን እያፈነዳ ሲወጣ ሞኖሳይቶችና ጋማ ዴልታ ቲ ሴሎች የሚባሉት የነጭ ደም ሴል ወገኖች በኃይል ይነሣሉ፤ ትኩሳቱንና ማንቀጥቀጡን፣ የደም ማነሱንም በከፊል የሚያመጡት እነርሱ የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች ናቸው። ከዓመታት በኋላ ያው ጠባቂ ይረጋል፤ ጥቂት ወፍ ቢያርፍ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ መንጋ ሲመጣ ብቻ ይነሣል። ወባ እጅግ በሚበዛበት በኡጋንዳ ቶሮሮ በተደረገ ጥናት፣ ደጋግመው በታመሙ ሕፃናት ደም ውስጥ የጋማ ዴልታ ሴሎች አንዱ ወገን ቁጥሩ ቀንሶ፣ ለተውሳኩ የሚሰጠው ምላሽም ደክሞ የተገኘ ሲሆን፣ ይኸው መቀነስ ሕፃናቱ ተውሳክ ይዘው ሳይታመሙ ከመቆየታቸው ጋር ተያይዞ ታይቷል። ሌሎች ቲ ሴሎችም እሳቱን የሚያነድደውን ኬሚካልና የሚያበርደውን በአንድነት ማመንጨት ይጀምራሉ። እንግዲህ አስተያየት ሰጪው «ሠለጠኑ» ያሏቸው ሴሎች በከፊል ዝም ያሉ ሴሎች ናቸው።

ዝምታው ደግሞ በነጻ አይገኝም። አንድ የጥቅምት ጠዋት በቆላው አንዲት አያት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን በነጠላ አዝለው ወደምሠራበት ላብራቶሪ መጡ። «ልጄ፣ እሱስ ለምዶታል፤ ዘንድሮ ሦስተኛው ነው፤ እንደ ድሮው እንኳ አያነደውም» አሉኝ። የልጁን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ ሳደርገው ውስጡ እንደ ታጠበ ሸማ ነጥቷል። በጊምሳ ባቀለምሁት ስስ ቅብ ላይ፣ ከአጠገባቸው ካሉት ተለቅ ተለቅ ያሉ ቀይ ሴሎችና በውስጣቸው ቅርጹ ወዲህና ወዲያ የተንሰራፋ ተውሳክ ይታያል፤ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ተውሳክ ዓይነት ነው። «እማማ፣ የቀነሰው ትኩሳቱ ነው እንጂ ወባው አይደለም፤ ደሙን እየጨረሰው ነው» አልኋቸው። ትኩሳት ሳያሳይ በደም ውስጥ የሚቆይ ተውሳክ ቀይ ሴሎችን መጨረሱንና ጣፊያን ማሳበጡን አይተውም፤ ትንኝም ያንን ደም መጥጣ ለጎረቤት ልጅ ታደርሳለች።

እዚህ ላይ ማንም ባይጠይቀኝም ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ጊዜ መታመም ማለት በሦስት ትንኝ መነከስ ማለት አይደለም። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚነሣ ቅርጽ ስላለው፣ ያ ልጅ ሦስቱንም ጊዜ የታመመው ከአንድ ንክሻ ሊሆን ይችላል። ፋልሲፓረም በሚባለው በሌላው የወባ ተውሳክ ዓይነት በኩል ደግሞ፣ ፈጣን መመርመሪያው የሚያነበው ፕሮቲን ልጁ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ሁለት መስመር ያሳየ ሁሉ አዲስ ወባ ተይዟል አይባልም። በተቃራኒው ያንን ፕሮቲን የማይሠራ የፋልሲፓረም ዝርያ በኢትዮጵያ መኖሩ ስለተረጋገጠ፣ አንድ መስመር ብቻ ማየትም ሁልጊዜ ነጻ አያወጣም። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ተይዞ ለመደ» የሚለው ቆጠራ ገና ከመነሻው የተናጋ ነው።

ቆጠራው ትክክል ቢሆን እንኳ ዋነኛው ነገር እርሱ አይደለም። ወባ ከሌለበት ከጃቫ ወባ ወደ ሞላበት ወደ ኢንዶኔዥያ ፓፑዋ ተወስደው የሰፈሩ ቤተሰቦች በተጠኑ ጊዜ፣ አዋቂዎቹ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ መከላከያ ሲያዳብሩ፣ በዚያው መንደር ለዚያው ትንኝ የተጋለጡት ልጆቻቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል። ልዩነቱ የንክሻው ብዛት ሳይሆን የሰውነቱ ዕድሜ ነው። ቢ ሴል የሚባለው የሕፃን ነጭ የደም ሴል ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ተውሳኩን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ይሠራል፤ ነገር ግን የሠራው በወራት ውስጥ ይመናመናል። በዚህ ላይ ፋልሲፓረም በተያዘው ቀይ ሴል ገጽ ላይ የሚያወጣውን ፕሮቲን እያፈራረቀ የሚለዋውጥባቸው 60 ገደማ ጂኖች አሉት። ግሪሳው በየሳምንቱ ላባውን እየቀየረ ቢመጣ፣ ማማ ላይ የተቀመጠው ሕፃን ትናንት ያባረረውን ዛሬ አያውቀውም ማለት ነው።

ፀረ እንግዳ አካል አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኮኸን፣ ማክግሬጎርና ካሪንግተን ወባን ከተቋቋሙ አዋቂዎች ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል በጋምቢያ ለታመሙ ሕፃናት ሰጥተው የተውሳኩ ቁጥር ሲወርድ አሳይተዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ከማሊ የወጣው ጥናት ወባ በሚበዛበት ስፍራ የሚኖሩ ሰዎች ደም ውስጥ ለየት ያሉ የትውስታ ቢ ሴሎች መብዛታቸውን ካሳየ ወዲህ፣ «ወባ የልጁን ሴሎች አድክሞ ይጨርሳል» የሚሉም ተነሥተዋል። ይህኛውም ከመጠን ያለፈ ነው፤ እነዚያ ሴሎች ፈጽሞ የማይሠሩ ስለመሆናቸው ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ከዚህም በላይ የምንመረምረው ከክንድ የተቀዳውን ደም ነው፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ ከጤነኛ ሕፃን ጣፊያ ናሙና የሚወስድ የለም።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነውና። ቶሮሮና ማሊ የታየው መላመድ በየወቅቱ ሳያቋርጥ ከሚመጣ ብዙ ንክሻ የተገኘ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። በቆላው ወባ በዋናነት ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፤ አንዱ ዓመት ከብዶ ሌላው ዓመት ይቀላል። በሁለት ዓመት አንዴ ማማ ላይ የሚወጣ ጠባቂ የሚረጋበት ጊዜ አያገኝም፤ በወጣ ቁጥር አዲስ ነው። አራስ ልጅን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በደጋ ያደገችና ወባ የማታውቅ እናት ግን የምታወርሰው እምብዛም የላትም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች ሲመታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህል የሞተው፣ ተውሳኩ ያልለመደው ሕዝብ ስላገኘ ነው። ደግሞም ማሽላ የሚጠበቅበት ወር ወባ የሚበረታበት ወር ነው፤ ማማ ላይ የሚያድረው ልጅ ለእኔ ምሳሌ ቢሆንም ለትንኝ ግን ያለ አጎበር የተኛ ልጅ ነው።

«ታዲያ የወባ ክትባትስ ሆን ብሎ ማላመድ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ከዚያው አስተያየት ሰጪ ተነሥቷል። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 አርቲኤስኤስን፣ በ2023 ደግሞ አር21ን ለሕፃናት እንዲሰጡ ሲመክር፣ ሁለቱም የሚያነጣጥሩት ትንኟ ስትነክስ በምትተፋው የተውሳኩ ቅርጽ ገጽ ላይ ባለ አንድ ፕሮቲን ነው። ይህ ቅርጽ ጉበት እስኪገባ በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነና ቁጥሩም አነስተኛ ስለሆነ፣ ደጋግሞ የታመመ ልጅ እንኳ በርሱ ላይ ብዙ ፀረ እንግዳ አካል አያዳብርም። ክትባቱ ወፉን የሚመታው ማሳው ላይ ሳያርፍ፣ ገና ዳር ካለው ግራር ሲነሣ ነው፤ ሕመም ያንን ትምህርት ለልጁ አይሰጠውም። ሁለቱም ክትባቶች የተሠሩት ለፋልሲፓረም ብቻ ስለሆነ ግን፣ አያቲቱ አዝለው ባመጡት ልጅ ደም ውስጥ ያየሁትን ቫይቫክስ አይነኩትም።