ከኮዲ አፕዴት በኋላ ሰራውንድ ድምፅ ሲጠፋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮዲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም አፕዴት ተደርጎ ሰራውንድ (በዙሪያ ባሉ ስፒከሮች የሚወጣ) ድምፅ ሲጠፋ፣ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዕቃ መግዛትን ነው። አዲስ ኬብል፣ አዲስ ሳውንድ ባር፣ ሲብስም አዲስ ሆም ቲያትር። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ፦ ድምፁን የሚፈታው ማን ነው? የፊልም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ተጨምቆ የታሸገ ነው። ወይ ኮዲ ይፈታዋል፣ ወይ ፓስ-ስሩ በሚባለው ሴቲንግ እንደታሸገ አልፎ ሆም ቲያትሩ ይፈታዋል። አፕዴቱ ይህን ወይም የተመረጠውን የድምፅ መውጫ ከቀየረው፣ ሁሉም ነገር ይዛባል።

«ስፒከሩ ተቃጥሏል።»

የሆም ቲያትሩን የራሱን የድምፅ መፈተሻ ክፈቱ። ሁሉም ስፒከር በየተራ ከጮኸ፣ ስፒከሩ ደህና ነው።

«ሙዚቃው እየተሰማ ንግግሩ ከጠፋ፣ የተበላሸው ፊልሙ ነው።»

ይህኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። 5.1 ድምፅ ስድስት ቻናል አለው፦ ከፊት ግራና ቀኝ፣ መሃል፣ ከኋላ ግራና ቀኝ፣ እና የቤዙ። ተዋናዮቹ የሚናገሩት በአብዛኛው በመሃሉ ነው። ኮዲ 5.1 ላይ ተቀምጦ ቤት ያለው ሁለት ስፒከር ብቻ ከሆነ፣ የመሃሉ ድምፅ መውጫ ያጣል። ዝናቡና ሙዚቃው ይሰማል፣ ሰዎቹ ግን አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። መፍትሔው የኦዲዮ ሴቲንግ ገብቶ የቻናል ብዛቱን 2.0 ማድረግ ነው። ያኔ ኮዲ የመሃሉን ድምፅ ለሁለቱ ስፒከሮች ያካፍላል። ዊንዶውስም የራሱ የስፒከር ሴቲንግ ስላለው እሱንም እዩት።

«ባለ 5.1 ሆም ቲያትር ካለኝ፣ ቻናሉን 5.1 ማድረግ አለብኝ።»

በኤችዲኤምአይ በቀጥታ ከተገናኘ፣ አዎ። በኦፕቲካል ኬብል ከሆነ ግን አይሆንም፤ ብዙዎች ለቀናት የሚለፉት እዚህ ጋ ነው። ኦፕቲካል የተፈታ ድምፅ ሲያሳልፍ ከሁለት ቻናል በላይ አይችልም። 5.1 የሚያልፍበት ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ ሆኖ ሲታሸግ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢመስልም ቻናሉን 2.0 አድርጉ፣ ፓስ-ስሩን አብሩ፣ ከዚያ ወደ ዶልቢ ዲጂታል የሚቀይረውን ምርጫ አብሩ። ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ ፎርማት የተቀዳ ባለ 5.1 ፊልም ያኔ በሁሉም ስፒከር ይወጣል።

መሃል ላይ ቴሌቪዥን ካለና ድምፁ በኤአርሲ (ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ኬብል ድምፁን ወደ ሆም ቲያትሩ በሚልክበት መንገድ) የሚሄድ ከሆነም ተመሳሳይ ነው። ኤአርሲ የተፈታ 5.1 አያሳልፍም፤ አዲሱ ኢኤአርሲ ግን ያሳልፋል። የቴሌቪዥኑ ዲጂታል ድምፅ መውጫ ፒሲኤም (የተፈታ ድምፅ) ላይ መሆኑንም ፈትሹ፤ እዚያ ከተቀመጠ በኤአርሲ የሚደርሳችሁ ሁለት ቻናል ብቻ ነው።

«ሆም ቲያትሩ ላይ ዶልቢ የሚል ካልወጣ፣ ሰራውንድ የለም።»

ኮዲ ራሱ ፈትቶ በኤችዲኤምአይ ሲልክ፣ የሚታየው ፒሲኤም ነው። ስድስቱም ቻናል ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። ዶልቢ ትሩኤችዲ የሚባለው የድምፅ ፎርማት ሲጨመቅ ምንም ስለማይጎድልበት፣ ማንም ቢፈታው ድምፁ ያው ነው። በእርግጥ የሚጠፋው የዶልቢ አትሞስ ተጨማሪ መረጃ ነው። ጣሪያ ላይ ስፒከር ለሰቀለ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ለሌላው ብዙም አያሳስብም።

«ፓስ-ስሩን አብርቻለሁ፤ ስለዚህ ችግሩ ከኮዲ አይደለም።»

የቪዲዮ ሴቲንጉን እዩ። ምስሉንና ድምፁን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማ ምርጫ አለ። እሱ ሲበራ ኮዲ ፓስ-ስሩን አይጠቀምም።

«አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው።»

ዊንዶውስ ላይ ዩዘርዳታ የሚባለው ፎልደር ሳይሰረዝ ከቀረ፣ የተበላሸው ሴቲንግ አብሮ ይመለሳል። ኮዲን ዘግታችሁ የፎልደሩን ስም ቀይሩና እንደገና ክፈቱት፤ በንጹህ ሴቲንግ ይነሳል። ካልተሻለ ስሙን መልሱት።

«ቮልዩሙ አልታዘዝ ካለ፣ አፕዴቱ ብልሽት አለበት።»

ፓስ-ስሩ ሲበራ የኮዲም ሆነ የሌላው ፕሌየር የቪኤልሲ ቮልዩም ድምፁን አይቀይርም። ታሽጎ የሚያልፍን ድምፅ ፕሌየሩ ከፍ ዝቅ ማድረግ አይችልም። በሆም ቲያትሩ ሪሞት ተጠቀሙ።