ጃንጥላውን በኋላ ልመልስ? በፈረንሳይኛ

የጅማ ክረምት ጃንጥላ ያስውሳል። ያዋሰዎት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንግዳ ከሆነና ዛሬ መመለስ ካልቻሉ እንዲህ ይበሉት፦ «ኤስ ከ ዠ ፑሬ ቩ ለ ራንድር ፕሉ ታር?» በኋላ ብመልስልዎ ይቻላል እንደማለት ነው።

ጨዋነቱ ያለው «ፑሬ» ላይ ነው። በሱ ፋንታ «ፐ» ቢሉ ስህተት አይደለም፤ ትንሽ ደረቅ ይላል እንጂ። «ቩ» የኛው «እርስዎ» ነው። ለጓደኛ ከሆነ ቦታውን «ተ» ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ግሱ ላይ ነው። የተዋሱትን ለባለቤቱ መመለስ «ራንድር» ነው። «ረቱርኔ» ግን የገዙትን ዕቃ ለሻጩ መልሶ ለመላክ ወይም አንድን ነገር ለመገልበጥ ነው። ለተዋሱት ጃንጥላ አይሆንም።

«ለ» ዕቃውን ተክቶ የገባ ነው። ጃንጥላ በፈረንሳይኛ ወንድ ነው። ቁልፍ ግን ሴት ስለሆነች «ላ» ይባላል። ለምን እንዳይሉ፣ በቃል መያዝ ብቻ ነው።

በኔ አስተያየት «ፕሉ ታር» ብቻውን አይበቃም። «በኋላ» መቼ ነው? ሰውየውም ዝናብ አለበት! «ደማን» (ነገ) ወይም «ለንዲ» (ሰኞ) ብለው ቀኑን ይቁረጡለት። እባክዎን ለማለት ደግሞ «ሲል ቩ ፕሌ» ይጨምሩበት፤ ለጓደኛ «ሲል ተ ፕሌ»።